ከጆሮዬ ፊት ያለችው ቀዳዳ

በቀኝ ጆሮዬ ፊት፣ የጆሮዬ ጠርዝ ከፊቴ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከአባቴ የወረስኳት ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የባዮሎጂ መምህራችን ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፉ ምልክቶችና በሽታዎች ሲያስተምሩን እጄ ሳላስበው ወደ ጆሮዬ ሄደ። ይህች ቀዳዳ የእህቴን ሠርግ ልታስቀር ትንሽ ነበር የቀራት።

ያኔ የምንኖረው በጋምቤላ፣ ከአቦቦ ብዙ በማይርቅ የሰፈራ መንደር ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው። ጋምቤላ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ወደ አገሩ ስለተመለሰ፣ እኛ ልጆች በባዶ ጎጆዎች መካከል እንጫወት ነበር። ለትልልቆቹ ያ ጊዜ የሐዘን ጊዜ ነበር። እኔ ግን ዛሬም ከዝናብ በኋላ የሚሸተው የበቆሎ ማሳና ባለቤት አጥቶ መሬት ላይ የሚረግፈው ማንጎ ይናፍቀኛል። አባቴ በወባ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር።

እህቴን ያጫት በሚቀጥለው መንደር የሚያርስ የወሎ ልጅ ነው። እናቴ ወደደችው፤ እህቴማ ከእናቴ ቀድማ ወዳው ነበር። የቀረው ዝምድና መቁጠር ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ አይጋባም። ችግሩ ቆጣሪ መጥፋቱ ነበር። ዘር የሚያውቁት አዛውንቶች ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ገሚሶቹ ተመልሰዋል። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ከቤታችን ጀርባ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው በእኛ በኩል አምስት፣ በልጁ በኩል አራት ቤት ቆጠሩና ከዚያ በላይ አላውቅም ብለው ቆሙ። እስከዚያ ድረስ የተገናኘ ስም አልነበረም።

ይበቃል ተብሎ ቀን ሊቆረጥ ሲል የልጁ እናት ሊጠይቁን መጡ። ደግ ሴት ነበሩ። ፀጉሬ ተንጨባሮ ቢያዩት ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ሹሩባ ይሠሩኝ ጀመር። ጆሮዬ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይህችን ከማን ወሰድሻት?"

ከአባቴ ነው አልኳቸው። ቆይተው ለእናቴ በቀስታ ነገሯት፤ ሟች ባላቸው እዚያው ቦታ ላይ እንዲህ ያለች ቀዳዳ ነበረቻቸው፣ ልጃቸውም አለችው።

እናቴ በአገሯ ሳይቆጥሩ የተጋቡ ዘመዳሞች ታውቅ ነበር። ከልጆቻቸው ሁለቱ ከተወለዱ ጀምሮ አይሰሙም። ደም ራሱን እያሳየ ዝም ማለት ኃጢአት ነው አለች። ሠርጉ ቆመ። ወደ ወሎ ደብዳቤ ተላከ፤ መልስ ይመጣል ብሎ ያመነ ግን አልነበረም። እህቴ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን፣ "ፀጉርሽን እኔ አልሠራም ብዬሽ ነበር?" አለችኝ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ከወንዝ ዓሣ እያመጣች የምትሸጥልን፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነች፣ ልጅ ያዘለች ወጣት አኙዋክ ነበረች። ፀጉሯ አጭር ነው። አንድ ቀን ቅርጫቱን ከራሷ ስታወርድ ጆሮዋን አየሁት። ቀዳዳዋ እዚያው አለች። ያዘለችውን ሕፃን ጆሮም አየሁ፤ እሱም አለው። የሆነውን ሁሉ ስነግራት ብዙ ሳቀች። ከዚያ ሽማግሌው የት እንዳሉ ጠየቀችኝ።

ይዣት ስሄድ ሽማግሌው ማንጎው ሥር ከሁለቱ እናቶች ጋር ያንኑ ጉዳይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ ፊታቸው ቆማ ጆሮዋን በጣቷ ገለጠች።

"እኔ አለ፣ ልጄም አለ" አለች። "እናንተ ወሎ፣ እኔ አኙዋክ። ዘመድ ነን?"

የጀርባዋን ልጅ ከፍ አድርጋ አዝላ፣ "ዘመድ ከሆንን ዓሣ በነፃ ትሉኛላችሁ። እኔ ዘመድ አይደለሁም" አለች።

የልጁ እናት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሽማግሌው ግን ተነሥተው የሴትዮዋን ጆሮ፣ ከዚያ የሕፃኑን፣ በመጨረሻም የኔን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

"ምልክት ዘር አይቆጥርም" አሉ። "የምናውቀውን ቆጥረናል፤ አልተገናኘም። የማናውቀውን ፈርተን ልጆቹን አናስቀር።"

መምህራችን እንዳስረዱን፣ እናቴ የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዳንድ በሽታ በሁለቱም ወላጆች ውስጥ ሳይታይ ተደብቆ ይኖራል፤ ሁለቱም ሲያወርሱት በልጁ ላይ ይወጣል፤ ዘመዳሞች ደግሞ ያንኑ ድብቅ ነገር አብረው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው የበዛ ነው። ከጆሮ ፊት ያለችው ቀዳዳ ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ ልትመጣ ትችላለች፤ ፈጽሞ በማይዛመዱ ብዙ ቤተሰቦችም ትገኛለች። ያን ቀን ይህን የሚነግረን ሰው አልነበረም። የነበረችን ዓሣ ሻጯ ናት።

እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። የሙሽራው አያት የተወለዱበትን ቀበሌ እንደገና ጠየቀች፣ መልሱን ከሰማች በኋላ ወደ ቤት ገብታ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች። ከግድግዳው ኋላ ስታዳምጥ የነበረችው እህቴ ወጥታ ዘነዘናውን ከእጇ ወሰደችባት። ሙሽራ ለራሷ ሠርግ ጌሾ አትወቅጥም፣ ነውር ነው ብላ እናቴ ልትቀማት ብትታገል፣ እህቴ እየሳቀች አልለቅም አለች።