የዘማቾቹ ኮት

ሌላው ስደተኛ በሌሊት ነው የሚጠፋው። እኔ ጨለማ ስለምፈራ ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። ያውም ጥቁር ኮት ለብሼ! በእህል መኪና ተጭኜ ቡሬ ስደርስ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ኮቱን ግን አላወለቅሁም፤ ገበሩ ውስጥ ኔጌቲቮቼን ሰፍቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት እየመጡ ይነሡ ነበር። ኮት ያለው ስላልነበረ ያንኑ የፎቶ ቤቱን ጥቁር ኮት ለሁሉም አለብሳለሁ። ለቀጭኑ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ እይዝለታለሁ፤ ወፍራም መጥቶ አያውቅም።

በእኛ አገር አስከሬኑ ካልመጣ ፎቶው ተይዞ ነው የሚለቀሰው። መንግሥት መርዶ አይነግርም፤ ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛ ሹክ ይላል፣ እናትም ፎቶውን ላስጎላ ብላ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ለቅሶ በደረስሁ ቁጥር የሟቹ ኮት የእኔው ነው። አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ገባ።

«ማን ሞተ ብሎህ ነው ፎቶ የምታጎላው?»

«ኧረ ጓድ፣ ለግድግዳ ነው።»

«ሰኞ ኔጌቲቮቹን ይዘህ ቢሮ ና!»

ጀግና እንዳትሉኝ፣ ላቃጥላቸው ክብሪት ጭሬ ነበር። ከላይ የነበረው ዘምቶ የሞተው የዓለሙ ፊት ሆነና እጄ እምቢ አለኝ። እናቱ እማማ ይታይሽ ከማንኩሳ በእግራቸው ሦስት ጊዜ መጥተው ፎቶውን ጠይቀውኛል። ሦስቴም «ቅዳሜ ይደርሳል» ብያቸዋለሁ። የፎቶ ወረቀት አልቆብኝ ነበር፤ ያንን ለመናገር አፈርሁ። ሰኞ ሲደርስ እኔ የሱዳን መንገድ ላይ ነበርሁ።

ካርቱም ሰው በቁሙ ይጠበሳል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው በዓይን የእንጀራ ዘመድ ነው፣ ስትጎርሱት ግን አያውቃችሁም። የስደተኞች ቢሮ ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራህ?»

«የጦርነት ፎቶ አንሺ» አልሁ ደረቴን ነፍቼ።

«ስንት ጦር ሜዳ ሄደሃል?»

«አንድም።»

ኔጌቲቮቹን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያቸው። «ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው?»

«አይ፣ አንድ ኮት ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማልቀሴን ያወቅሁት አስተርጓሚው ውኃ ሲያቀብለኝ ነው።

ከስንት ልመና በኋላ ስልክ አገኘሁ። ያስጠራሁት እህቴን ነበር፤ እሷ ግን እማማ ይታይሽን ይዛ ቴሌ መጣች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ…»

«ተወው ልጄ። የጎረቤቴን ልጅ ፎቶ ተውሼ አልቅሻለሁ። ፊቱን በነጠላዬ ሸፈንሁት። ኮቱ እንደሁ ያው ነው።»

ዓለሙ በኮቴ ገበር ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነው። ደብዳቤ ይከፈታል፣ መንገደኛ ይፈተሻል፤ በማን እጅ ልላከው?

«የእኔውን መቼ ትሰጠኛለህ?» አሉ።

«ቅዳሜ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ቅዳሜ እመጣለሁ።»