ከአስር የሚጀምረው ሜትር

ዘጠና ዲግሪ ወድጄ አላውቅም። የቢሮ ጠረጴዛ፣ የፋይል መደርደሪያ፣ የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ማዕዘን ነው። የድሮ ቤቶች ዝንፍ በማለታቸው ማንም እንዳልተጎዳ በጽሑፍም በቃልም ስከራከር ኖሬያለሁ። ስለዚህ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ አዳማ፣ ታላቅ እህቴ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ማዕዘን የተነሳ ምሳ አልወርድ ያለኝ ሰው እኔ መሆኔን ለሚያውቁኝ ማስረዳት ይከብደኛል።

እህቴ የምታሠራው አንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። በክፍሉና በጎረቤት አጥር መካከል ባጃጅ ወደ ጓሮ የምታልፍበት መንገድ መተው ነበረበት። ባጃጇን የሚነዳት ባሏ ነው፤ ቤቱ የሚተዳደረውም በእሷ ነው። ግንባታው ተጀምሮ ውጭ ማደር እንደጀመረች ሌቦች ባትሪዋን ፈተው ወሰዱባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተነሳ በር ይከፍታል። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሥራ ይወጣል። ባጃጇ ጓሮ ገብታ እስክታድር ድረስ በዚያ ቤት እንቅልፍ የለም። ቦታው ደግሞ ጠባብ ስለሆነ የሚቀረው መንገድ ከባጃጇ ስፋት የሚበልጠው በጥቂቱ ነበር።

እህቴ ሱቋን ትታ ሠራተኛ መጠበቅ ስላልቻለች እኔ ተተካሁ። ስደርስ የመሠረቱ ድንጋይ በመንገዱ በኩል ከቀደመው ቀን ጀምሮ እስከ ጉልበት ተገንብቷል። መቀመጥ አልቻልኩም። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ይበትናል፣ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች ባለፉ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ከችካል ችካል እመላለሳለሁ።

ግንበኛው ከወሎ የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ምላሱም እጁም ፈጣን ሰው ነው። «ጋሼ፣ ወላሂ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። «ሲባጎው እንኳ እንደ እርስዎ አይወዛወዝም።»

ማዕዘኑን በምን እንዳረጋገጠ ጠየቅሁት። ከማዕዘኑ ተነስቶ በአንዱ ጎን ሦስት ሜትር፣ በሌላው አራት ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ አምስት ሜትር ከሞላ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ትምህርት ቤት በግሪክ ስም ያስጨነቁን ነገር ይኸው ነው፤ እዚህ ያለ ስም ይሠራል። እስከዚህ ተስማማን።

ከዚያ የለካበትን ሜትር አየሁት። ጫፉ ተቆርጧል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ዓመት የሠራ ሜትር ሁሉ ጫፉ ይበላል፣ የሚጥለው ግን የለም። የሚይዘው ሰው አስር ቁጥር ላይ ይይዛል፣ የሚያነበው ሰው አስር ሳንቲ ይጨምራል።

«አስሩን ጨምረሃል?» አልኩት።

«ለምን ብዬ? ሦስቱም ላይ አስር አስር ጎደለ። እኩል ከጎደለ ምን ልዩነት አለው?»

ይህን አስተሳሰብ በየስብሰባው ሰምቼዋለሁ፤ ሁላችንም እኩል ከተሳሳትን ማንም አልተሳሳተም። በድንጋይ ተገንብቶ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስቱን ልኬቶች እጥፍ ብታደርጋቸው ማዕዘኑ አይነካም። ከሁሉም እኩል ብትቆርጥ ግን ከሦስቱ የተቆረጠው አስር ሳንቲ ከአምስቱ ከተቆረጠው ይልቅ ይጎዳል፤ ማዕዘኑም ይከፈታል። አስሩን እየጨመርን እንደገና ለካን። አምስት ሜትር መሆን የነበረበት አራት ሳንቲ ተረፈው።

«አራት ሳንቲ!» ብሎ ሳቀ። «ልስን ይበላዋል።»

«ልስን ግድግዳ ያወፍራል እንጂ ምን ይበላል? ደግሞ ጓሮ ሲደርስ አራት አይሆንም፤ ከግማሽ ስንዝር ይበልጣል። በመንገዱ በኩል።»

«ኢንጂነር መሆንዎን አልነገሩኝም» አለና የሲሚንቶ ማንካውን አነሳ።

እህቴ ለምሳ ስትመጣ እኔ ሜትሩን ይዤ የሳሎኗን በር እየለካሁ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ የሚለው ሐሳብ ነው እየነዳ ያዞረኝ።

«አንተ፣ የላክሁህ እንድታግዝ ነው ወይስ ሠራተኛዬን ልታስኮበልል?» አለችኝ። «ደግሞ ጠማማ ቤት ነው የሚያምረው ስትል አልነበረም እንዴ?»

«እታለም፣ እሱ ባጃጅ ለሌለው ሰው ነው።»

«ብላና ተቀመጥ።»

አንዱንም አላደረግሁም።

አመሻሹ ላይ ባሏ መጣ። የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ ነገር አያበዛም። ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ሰማንና «ቶሌ» ብሎ በኦሮምኛ እሺ አለን። ከዚያ ባጃጇን አስነስቶ በአጥሩና በድንጋዩ መካከል ገባ። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ሄደች። ግንበኛው ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። መጨረሻው ሊደርስ ሲል የኋላው ጎማ ድንጋዩን ፋቀ፣ በሌላው በኩል የአጥሩ ቆርቆሮ ጮኸ፣ ባጃጇም ቆመች። በር ከፍቶ መውረድ እንኳ አልቻለም። መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አይደለም፤ የዚያችን ሌሊት ውሻ ከአሁኑ የሚሰማ ሰው ፊት ነው።

ትክክል መሆኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደ ባጃጇ ሮጥኩ።

ወደ ኋላ ገፍተን አወጣናት። ግንበኛው በእጁ የተፋቀውን ድንጋይ ዳሰሰ። «ጠዋት አፈርሰዋለሁ» አለ።

«ጠዋትማ ስሚንቶው ይብስ ይጠነክራል» አለች እህቴ። «አሁን ነው።»

ዲጂኖውን አመጣ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲነሳ አላየኝም፤ ሁለተኛው ላይ ግን ቀና አለና «ጋሼ፣ መቀመጥ ካልሆነልዎ ሜትሩን ይያዙልኝ። አስር ላይ!» አለኝ። ያዝኩለት። እሱ አምስት ከአስር ሳንቲ እያለ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ካልሰማሁ እያልኩ ሁለቴ እያስደገምኩ አሰለቸሁት። ጨለማው ሳይወርድ አዲሱ ሲባጎ ተወጠረ።

በማግስቱ መሠረቱ በአዲሱ መስመር ተገነባ፤ እኔም ሳልጠራ መጣሁ። ባልየው ከሥራ ሲመለስ ፍጥነቱን ቀንሶ ገባ። የኋላው ጎማ የመጨረሻውን ድንጋይ አለፈ፣ ቆርቆሮውም ዝም አለ። ወርዶ መዳፉን በጎማውና በድንጋዩ መካከል አስገባ፣ በሌላውም በኩል ሞከረ። ከዚያ የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈና እራቱን እንኳ ሳይጠይቅ ሊተኛ ገባ።