እንጥል ቆራጯ

ዘነበወርቅ በሰባት ወሩ የተወለደውን ልጇን ከሆስፒታል ይዛ ኮልፌ ወዳለው ቤቷ በተመለሰች ሰሞን፣ ጎረቤቶቿ ሳትጠይቃቸው እንጥል ቆራጭ ላኩባት።

የመጣችው ሴት እድሜዋ የገፋ፣ ከቀሚሷ በላይ የወንድ ካፖርት የደረበች ናት። ገና ከመቀመጧ ሱረቷን ሳበች፤ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች፤ በዚያው እጇ ምላጯን ከእራፊ ጨርቅ ፈትታ በካፖርቷ እጅጌ ወለወለችው። የአውራ ጣቷ ጥፍር እጅግ ረዝሟል፤ ከሥሩ የስንት ሕፃን ምራቅ ደርቆ እንደ ጠቆረ እግዚአብሔር ይወቅ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይንኩብኝ» አለች ዘነበወርቅ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ። «በደማችን ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ነጭ ሕዋሳት አሉ አለኝ ሐኪሙ። ያለ ጊዜው በተወለደ ልጅ ግን ገና አልጠኑም፤ ቁስሉ ዘንድ ቶሎ አይደርሱም፣ ጀርሙንም መዋጥ ያቅታቸዋል። ጭረት እንኳ ይገድለዋል ብሎኛል።»

«ነጭ ደም?» ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። «ጃንሆይ ይሙቱ፣ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም! ሐኪም ቤት ሄደሽ ፈዘሽ መጣሽ። በይ አፉን ክፈቺልኝ፣ እንጥሉ ወርዶ ሳያንቀው።»

እጇን ዘረጋች። ዘነበወርቅ ብድግ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ለራስዎም ልጆች እንዲሁ ነው የቆረጡላቸው?»

የሴትዮዋ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

«ሁሉንም በገዛ እጄ» አለች። «አንዳቸውም ለክርስትና አልደረሱም፤ የሰጠኝ ፈጣሪ ወሰዳቸው። በእንጥል ግን አንዱም አልሞተብኝም።»