የአንሶላ ቅዳጅ

አክስቴን በምትሠራበት ላውንደሪ በስሟ የሚጠራት የለም። ለሁሉም «መብረቅ» ናት። ስሙን ያወጣላት ተቆጣጣሪው ነው፣ አንሶላ ስትተኩስ ፍጥነቷን አይቶ። እሷም አልጠላችውም። እንዲያውም ቤት ውስጥ «አክስቴ» ብዬ ስጠራት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ «መብረቅ» ካልኳት ግን ወዲያው ከጓዳ ብቅ ትላለች።

የአንሶላ መተኮሻው ማሽን አልጋ ያህላል። እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጅ ዘርግተው ያጎርሱታል፤ የሚሽከረከረው ትኩስ ብረት ይስበውና በወዲያኛው በኩል ደርቆ ይወጣል። አፉ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፤ ጣት ሲነካት ማሽኑ ቀጥ ይላል። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ፣ ወፍራም የአንሶላ ጠርዝ ሲነካትም ቀጥ ይላል። በየአንሶላው እየቆሙ እንዴት ሥራ ይገፋል? ስለዚህ ሴቶቹ ካረጀ አንሶላ ቀድደው ዘንጓን እንዳትነቃነቅ ጠፍረው ያስሯታል። ዘዴውን ያመጣችው አክስቴ ናት። ውሎ አድሮ እንደ ሽርጥ መታጠቅ የጠዋት ሥራ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ማሽኑ ቀኝ እጇንም ጎረሰ። ከወዲያ ማዶ ቆማ የደረቀውን አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዋ ማብሪያውን እስክታጠፋ ድረስ የሆነው ሆነ። ሐኪሞቹ እጇን አተረፉላት፤ ጣቶቿ ግን ተኮራምተው ቀሩ። ድርጅቱ ደግሞ ካሳ አልከፍልም አለ። መከላከያውን ራሷ አስራ ራሷን ጎዳች ነው ክርክሩ። ካሳውን ካላገኘች የምትኖረው እኔ ላይ ተደግፋ ነው፤ ይህ ለአክስቴ ከቃጠሎው ይብሳል።

ስለዚህ ከሰሰች። በቀጠሮው ቀን የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ መከርኳት።

«አክስቴ፣ ማን እንዳሰረው አላውቅም በይ፤ በቃ። ጨርቁ ላይ ስምሽ አልተጻፈ!»

«የገዛ ቋጠሮዬን እኔ አላውቀውም?»

«ሌላ ሰው አያውቅም ነው የምልሽ!»

«አጣፊዋ ታውቃለች። ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት በገዛ እጁ፣ ያውም በቀረችው እጁ፣ የራሱን ጉሮሮ ይዘጋል?

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ቅዳጁን በፌስታል ይዞ መጥቷል። አውጥቶ ፊቷ አንጠለጠለው።

«ይህን ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ብዙ ጥያቄ ደርድሮ ነበር መሰለኝ፣ የያዘውን ወረቀት አጠፈው። ከዚያ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ተስፋዬን ቆረጥኩ።

ቀጥሎ ተቆጣጣሪው ለድርጅቱ መሰከረ። ዘንጓን ማሰር ክልክል ነው አለ። ማስጠንቀቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል አለ። ታስራ አይቼ አላውቅም አለ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ጉዳዩ አልቆ ነበር፤ ግን ክፉ ሰው ስላልሆነ ሊያመሰግናት ፈለገ።

«መብረቅ እኮ ምርጥ ሠራተኛችን ነበረች…»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«መብረቅ ማን ናት?»

«ከሳሿ ናት፣ ክብርት ዳኛ። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁላት፣ ለፍጥነቷ።»

«ዘንጓ ሳትታሰር ማሽኑ ያን ያህል ያፈጥናል?»

ተቆጣጣሪው ጠበቃውን አየ። ጠበቃው ወረቀቱን አየ።

«ያን ያህል እንኳን… አያፈጥንም» አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። ውሸት አይሆንለትም፣ አሳዘነኝ።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። የበላይ ፍርድ ቤት በቅርቡ በአንድ እንጨት ሰንጣቂ ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ ጠቅሰው ዳኛዋ እንዲህ አሉ፦ አሠሪው በየቀኑ እያየ ያሞገሰው አሠራር የሠራተኛዋ ጥፋት ብቻ ሊባል አይችልም፤ ካሳው ይከፈላት። እኔ ዘልዬ አቀፍኳት። እሷ ግን ከእቅፌ ወጥታ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«ምነው ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ደስማ ብሎኛል። ግን የእኔም ድርሻ አለበት እኮ» አለችኝ።

በማግስቱ ሽርጧንና ጫማዋን ልትወስድ ላውንደሪው ሄድን። በእሷ ቦታ አጣፊዋ ቆማ ትተኩሳለች። ዘንጓ ታስራለች፣ በአዲስ ቅዳጅ፣ በአክስቴ ቋጠሮ።

አክስቴ ሄዳ ማሽኑን አጠፋች። በግራ እጇና በጥርሷ ከቋጠሮው ጋር ትታገል ጀመር። ልረዳት ስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ። በሁለት እጇ ሳለች ዓይኗን ጨፍና የምታስረው ቋጠሮ፣ አሁን ላብ በላብ አደረጋት።

«እትዬ፣ ያ ሁሉ አንሶላ ተከምሮ?» አለች አጣፊዋ። «እንዲህ ከሆነማ ልዘገይ ነው!»

አክስቴ የተፈታውን ጨርቅ ከአፏ አወጣች።

«ዘግዪ» አለቻት።

አጣፊዋ የአክስቴን እጅ አየች፣ ከዚያ የራሷን። ማሽኑን አበራችና አንሶላ ዘርግታ አጎረሰችው። ወፍራሙ ጠርዝ ዘንጓን ሲነካት ማሽኑ ቀጥ አለ። በሆስፒታልም በችሎትም እንባ ያላየሁባት አክስቴ ያኔ አለቀሰች።