አባትሽ ነኝ

አባቴ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚለው «አባትሽ ነኝ» ነበር። ስሙ ስልኬ ላይ እንደሚወጣ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ድምፁንም ቢሆን ከየትም እለየዋለሁ። ቄስ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ሰው ወሬ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሆነ መናገር አለበት ብሎ ያምናል። «አባትሽ ነኝ፤ ደህና ዋልሽ?» ይልና ስለ ገብሱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እናቴ ወገብ ይቀጥላል። እኔም «አወቅሁህ እኮ አባባ» እያልኩ እስቅበት ነበር።

እሱ የሚያገለግለው ጎረቤላ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ደብር ነው። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደብረ ብርሃን ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የተማርኩት። ስንቃችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይላክልናል። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት አይላክም፤ ያኔ ሻይና ዳቦ ነው፣ ዳቦው ካለ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ባልፍ እንኳ አባቴ ዩኒቨርሲቲ ሊያቆየኝ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንስተነው ግን አናውቅም።

አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ አቅም የሌላቸውን ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ የሚያስጠና አንድ ማዕከል ተቀበለኝ። አስር ሰዓት ከክፍል ወጥተን እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ እንማራለን። በየዓመቱ ደግሞ አንድ ልጅ ይመረጥና እስኪመረቅ ድረስ ወጪውን የውጭ ደጋፊዎች ይሸፍኑለታል። ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ዓይኔ እዚያች አንድ ቦታ ላይ ነበር።

አስተባባሪዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ስጽፍ አይታኝ የራሷን ጃኬት አውልቃ አለበሰችኝ፤ መልሼ ስሰጣት አልቀበልም አለች። ወደድኳት። እህት ስለሌለኝ እህት አደረግኳት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ድሮም ከነበረ ጥላቻ የመጣ እንዳይመስል ነው።

ድጋፉን የሚፈልግ ልጅ ስለራሱ ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት። እኛ ቤት ደግሞ «እኔ፣ እኔ» የሚል ሰው ይታዘቡታል። መጀመሪያ የጻፍኩት የት እንደተወለድኩ፣ ስንት ወንድሞች እንዳሉኝና ከክፍል ስንተኛ እንደወጣሁ ነበር። አስተባባሪዋ አንብባ ሳቀች፤ ይሄ የቀበሌ ቅጽ ነው አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም ነግረሽው የማታውቂውን ነገር ጻፊ። መለማመጃ ነው፤ ከኔና ካንቺ አያልፍም» አለች።

ጻፍኩ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አባቴ በጠና ታሞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አምጥተውት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሐኪሙ እስኪወጣ ስጠብቅ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ትምህርቴ ቀረ» የሚል ነው። ስለ እሱ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ዳነ፣ ወደ አገሩም ተመለሰ። እኔ ግን ያንን ሐሳብ ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልናገር ተሸክሜው ኖርኩ። አስተባባሪዋ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀለል አለኝ።

ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ጣቢያ ነው የሚኖሩት። አባቷ ከወለጋ አልወጣም። እሷም እንድትጽፍ ተጠይቃ ሒሳብ ለምን እንደምትወድ ሁለት ገጽ ሞላች። አስተባባሪዋ ስለ አባትሽስ ብትላት «እሱን አልጽፍም» አለች፤ አስተባባሪዋም ደግማ አላነሳችውም። እኔ ሞኝ ናት አልኩ በልቤ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ስንሆን የዓመቱ መዝጊያ ቀን ወላጆች ተጠሩ። ደጋፊዎቹም ከውጭ መጡ፤ የዓመቱ ተመራጭ እኔ እንደሆንኩ ለሁሉም ተነግሯል። አባቴ ነጭ ጥምጣሙን አድርጎ፣ ለአስተባባሪዋ በሶ በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል ሳይባል ጠዋት ደረሰ። ልጄን ያለበሰችልኝን ሰው ላመስግናት አለ። እጁን ይዤ ወደ አዳራሹ አስገባሁት።

መድረኩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ፎቶው የኔ ነው፤ መቼ እንዳነሱኝ አላውቅም፣ መስኮት ተደግፌ ያኮረፍኩ እመስላለሁ። ከስሩ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አባቴ ማንኛውንም ጽሑፍ ድርሳን እንደሚያነብ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። «አባቷን በሕመም ካጣች በኋላ፣ ትምህርቷን ላለማቋረጥ ብቻዋን የታገለች» የሚለው ላይ ከንፈሩ ቆመ። ከዚያ ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበው።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ።

አይደለሁም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ድምፄ ግን የውሸታም ድምፅ ሆኖ ወጣ።

አስተባባሪዋ እንዳየችን እየሮጠች መጣችና ሁለታችንንም መዝገበ ቃላት የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አስገባችን። ታሪኩ ከተላከ ወራት እንዳለፉት፣ እንግዶቹ እኔን የመረጡት እሱን አንብበው እንደሆነ፣ አሁን ይታረም ቢባል ድጋፉ እንደሚቀርና ማዕከሉም እንደሚዘጋ አስረዳች። ለምን እንዲህ አደረግሽ አልኳት። አላፈረችም። የደከማት ሰው ነው የምትመስለው።

«አባት ያለው ልጅ ሞልቷል» አለችኝ። «ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ካደችኝ። ሌላ ቃል የለውም። በመላ ሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ የሰጠሁትን ነገር ወስዳ ከርክማ፣ ቀለም ቀብታ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የለበስኩት ጃኬት የሷ ነው። እዚያው አውልቄ ልወረውርላት ፈለግሁና ከስር ያለው ሸሚዜ የተቀደደ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

አባቴ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድጋፉ እስክትመረቅ ነው?»

«እስክትመረቅ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው እኔ ልሂድ» አለና በሶውን አቀበላት። በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ሳይታይ ሊወጣ ነበር ሐሳቡ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሽበታም ሴት፣ ከባነሩ ላይ አውቃኝ እቅፍ አደረገችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዘወር ብላ እሳቸውስ ማን ናቸው አለች። አባቴ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ስለ እሱ እንደተጠየቀ ግን ገብቶታል። እኔን አላየኝም። ሴትዮዋን እያየ በአማርኛ፣ «አጎቷ ነኝ» አላት።

ሴትዮዋ እንዳስተረጉምላት ወደኔ ዞረች። ከማዕከሉ ልጆች የተሻለ እንግሊዝኛ የምናገረው እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። አንድም ስህተት ሳልሠራ አጎቴ ናቸው አልኳት። አልበቃኝም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ «የአባቴ ታናሽ ወንድም» ብዬ ጨመርኩበት።

ሴትዮዋ የአባቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ በወንድምዎ ሞት በጣም አዝናለሁ አለች። ይህንንም ማስተርጎም ነበረብኝ።

«ነፍስ ይማር ነው የምትልህ» አልኩት።

አባቴ ስንት ሙት በጸሎተ ፍትሐት የሸኘ ቄስ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» አለ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መንገዱን ሙሉ ላስረዳው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ግን የጻፍኩት እንደዚያ እንዳልነበረ ለመናገር የጻፍኩትን መንገር አለብኝ፤ ያንን ከነገርኩት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ምን እንዳሰብኩ ሊያውቅ ነው። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ፣ ብርድ ነው ተመለሽ፣ ልብስሽን ቆልፊ አለኝ። ጃኬቱን እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

ሰኞ ለመልቀቂያ ፈተናው ጥናት ስገባ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀይራ አገኘኋት። ባነሩን እሷም አንብባዋለች፤ የኔ አባት በሕይወት እንዳለ ደግሞ ታውቃለች፣ ከላከልኝ ቆሎ ስንት ቀን አብረን በልተናል። ጃኬቱን አጥቤ አስተባባሪዋ ቢሮ በር ላይ አንጠለጠልኩት። በማግስቱ በረደኝ፤ ከዚያም ሁለት ወር ሙሉ በረደኝ።

ፈተናውን አለፍኩ፣ ድጋፉንም አገኘሁ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አስተባባሪዋ አዲስ አበባ ሌላ ድርጅት ገብታለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር በቴሌግራም መልካም ምኞት ትልክልኛለች፣ አልመልስላትም። ይቅር አላልኳትም። ቢሆንም በሷ ላይ ተናድጄ ስጨርስ ሁልጊዜ አንዲት ነገር ትተርፈኛለች፤ «የአባቴ ታናሽ ወንድም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱን እሷ አልጻፈችልኝም። ሽበታሟ ሴትዮም በየደብዳቤዋ መጨረሻ አጎትሽን ሰላም በይልኝ ትላለች፤ እኔም በየጊዜው አመሰግናለሁ እላታለሁ።

አባቴ ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል፤ ገብሱን፣ ብርዱን፣ የእናቴን ወገብ ያወራኛል። ወሬው እንደ ድሮው ነው። መጀመሪያው ላይ ብቻ «እኔ ነኝ፤ ደህና ዋልሽ?» ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ሲደውል ሆን ብዬ «ማን ልበል?» አልኩት። የድሮውን እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ከኋላው ንፋሱ ይሰማኛል።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለኝ። «ድምፄን ረሳሽው?»