ጠፍር የሌለው ፈረስ

እንጅባራ ላይ ኮርቻና ልጓም ስሸጥ ፀጉሬ ሸበተ። ባጃጅ ኮርቻ አይፈልግምና ገበያው ሳስቷል፤ እኔም እንደዚያው። አደባባዩ ላይ የፈረሰኛ ሐውልት ሊቆም ነው፣ የከተማዋ የፈጠራ መንፈስ ምልክት ይሆናል ሲባል በስብሰባው ላይ አጨብጭቤ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ቀራጺው ከሩቅ የመጣ ወጣት ነበር። ኮርቻ እንዴት እንደሚቀመጥ እንዳሳየው ለመነኝ። ደክሞኝ ስለነበር ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ የእንጨት ማሳያው ላይ ያለውን በአገጬ ጠቆምኩት። ጌጡን አንድ በአንድ ስሎ ሄደና በዚያ ሁሉ ዝናብ ከብረትና ከሲሚንቶ ጋር ሲታገል ከረመ።

ከምርቃቱ በፊት የፈረሰኞች ሽማግሌዎች እንዲያዩት ተጠሩ። እነሱ እሺ ካላሉ ሊፈርስ ነው። ልጁ ደግሞ ከዚህ በፊት አደባባይ የቆመ ሥራ የለውም። ሽማግሌዎቹ ገበያ ላይ ፈረስ እንደሚገዙ ሁሉ ዞሩት፤ አንዱ ጥርሱን ለማየት ተንጠራራ፣ ሌላው ኮቴውን በዱላው መታ መታ አደረገ። ትልቁ ሽማግሌ ከፈረሱ ሆድ ስር ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«የዚህ ኮርቻ ጠፍር የት አለ?» አሉ።

ሁላችንም ጎንበስ አልን። ኮርቻውን በሆድ ስር አዙሮ የሚያስረው ጠፍር የለም። አንዱ ይሄማ ጋላቢውን ከነኮርቻው መንገድ ላይ ጥሎት ይመጣል ብሎ አሳቀ። ሌላው ግን ሳይስቅ፣ ይፍረስ አለ።

የእንጨት ማሳያ ሆድ የለውም፤ ጠፍር አስሬበት አላውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ብናገር ደግሞ ከእኔ ማን ኮርቻ ይገዛል? ልጁ ያሳሳትኩት እኔ መሆኔን እያወቀ ወደ እኔ አላየም። የጎዳኝ ይህ አለማየቱ ነው።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው ትልቁን ሽማግሌ። «ልጁ የሠራው እኔ ያሳየሁትን ነው።»

«አንተ? ኮርቻ ሻጩ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ነገ አንተው ታስርለታለህ።»

በማግስቱ በዚህ ወገቤ ፈረሱ ሆድ ስር ሳንቃ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። እውነተኛውን ጠፍር ወጥሬ ስይዝለት ልጁ እሱን እያየ በሲሚንቶ ቀረጸ። ሲሚንቶው ጢሜ ላይ ይንጠባጠባል፤ መንገደኛው ቆሞ ይታዘባል።

«ጋሼ፣ ይበልጥ ላጥብቀው?»

«ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ፈረሱም ይተንፍስ።»

ከሰዓት ትልቁ ሽማግሌ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ምንም አላሉም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፈረስ አይቶ እንከን ካጣበት ዝም ነው የሚለው። ልጁ ይህን አያውቅምና ፊቱ ጠቆረ፤ እዚያው እንደተጋደምኩ ነገርኩት።