ኮረብታው ላይ ትቻቸው የሄድኩት መንገደኛ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ጋራዡ ኦስሎ ውስጥ፣ ቢየርቪካ የሚባል የወደብ ሰፈር ነበር፤ ያኔ ኦፔራ ቤት የለ፣ የመስታወት ሕንፃ የለ፣ ያለው ኮንቴይነርና ክሬን ነው። ሮልፍ የሚባለው የስምሪት ኃላፊ ቁልፉን ሰጠኝና አውቶቡሱን አብረን ዞርነው። ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን አየር፣ የጎን መስታወት፣ የእሳት ማጥፊያ። የፍጥነት መቅጃው ውስጥ የሚገባውን ክብ ወረቀት ስሜን ጽፌበት እንዴት እንደምከተው አሳየኝ።

“ይህ ወረቀት አይዋሽም” አለኝ። “ብትበርም ያውቃል፣ ሳታርፍ ብትነዳም ያውቃል።”

እኔ ከኮምቦልቻ ወልድያ ኤንትሬ የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሐረጎን ዳገት በጭጋግ፣ ከነሙሉ ጭነቱ የወጣሁ ሰው። ደግሞ ወረቀት ሊያስተምረኝ ነው? ብዬ በልቤ ተኮፈስኩ። ሮልፍ ግን ገና አልጨረሰም።

“የመጨረሻው ሕግ” አለ፤ “በሩን ከመዝጋትህ በፊት ሰዉን ትቆጥራለህ። የሆነ ነገር ከተበላሸም መጀመሪያ ለእኔ ትደውላለህ።”

“ja” አልኩት፤ እሺ ማለት ነው። ያኔ ለሁሉም ነገር መልሴ እሷው ነበረች።

ሥራው እንዲህ ነው። በበጋ ከኦስሎ ጡረተኞችን ከየሰፈራቸው እንለቅማለን፤ መጀመሪያ ሊንደበርግ፣ ከዚያ ሃውገንስቱዋ። ከዚያም ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነድቼ ባሕር ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አደርሳቸዋለሁ። ሳምንቱን እዚያ ይሰነብታሉ። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ወይ ወደ አንዱ የወደብ ከተማ፣ ወይ ከባሕሩ በላይ ወዳሉት የኮረብታ መንደሮች እወስዳቸውና ለእራት እመልሳቸዋለሁ። ይህን የአንድ ቀን ጉዞ ዳግስቱር ይሉታል። ቅዳሜ ኦስሎ እንገባለን፤ ሰኞ ሌላ ቡድን።

ከኦስሎ በታች ያለውን ውሃ አውቀው ነበር። ማዶው የሚታይ ውሃ ነው፤ ሐይቅ ከተማን እያቋረጠ የኖረ ሾፌር በሱ አይደነቅም። አገር ቤት የአሰብ መስመር ሾፌሮች ስለ ባሕር ሲያወሩ እንደ ጉራ ነበር የምቆጥርባቸው። በሁለተኛው ቀን ግን የጉዟችን መድረሻ መንገዱ የሚያልቅበት፣ አገሬው ራሱ የዓለም መጨረሻ ብሎ የሰየመው የድንጋይ ጫፍ ሆነ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ማዶ የለውም። ዓይኔን ወዲህ ወሰድኩ፣ ወዲያ ወሰድኩ፤ ማዶ የለውም። “ሱብሃነላህ” ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ድንጋዩ ሰው በመዳፉ ሲያሸው የኖረ ይመስል ለስልሷል፤ ውሃው ነው እንዲህ ያደረገው አሉኝ። እነዚያን የአሰብ ሾፌሮች በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

እኔ በባሕሩ ፈዝዤ ሳለሁ መንገደኞቼ ልብሳቸውን አውልቀው ገቡበት። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች! እኛ ጃኬት ለብሰን በምንንቀጠቀጥበት ቀን፣ በረዶ በመሰለ ውሃ ውስጥ እየተሳሳቁ ይዋኛሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ደንግጬ ወደ ፀዳለ ዞርኩ።

ፀዳለ አረጋውያኑን እንድትረዳ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ ከእነሱ ጋር የሚልካት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ኦስሎ በሚገኝ የሐበሻ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፣ በሥራ ቀን አዛውንት ትንከባከባለች። እኔን “ወንድም ይማም” ትለኛለች፣ እኔም ለማብሸቅ “እህት ፀዳለ” እላታለሁ።

“እህት ፀዳለ፣ አሁን አንዷ ብትሰጥም ማን ሊያወጣት ነው?”

“አንተን ነዋ የምንከትህ! nei፣ የለም፣ አትጨነቅ። እነዚህ በሕፃንነታቸው የተነከሩበት ውሃ ነው።”

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ። እኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም። እናቴ ልጆቿን ቆጥራ አታውቅም፤ ስንት ናቸው ብሎ የጠየቃትን “አላህ የሰጠኝን ያህል” ብላ ትመልሰው ነበር። የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። እኔም ተምሬ፣ አገር አቋርጬ፣ ይህን ነገር ከውስጤ ማውጣት አልቻልኩም። ባለቤቴን ዘይነባንና ልጆቼን ለማምጣት በሞላሁት ቅጽ ላይ “የልጆች ብዛት” የምትለውን ቦታ ባዶ ብተወው የጻፈችልኝ ፀዳለ ናት። “ወንድም ይማም፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ” እያለች።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። አውቶቡሱ ከእኔና ከፀዳለ ወንበር ሌላ አርባ አራት ወንበር አለው። ሠላሳ ስምንት ሰው ከጫንኩ ስድስት ባዶ መቅረት አለበት። ከመነሳቴ በፊት በውስጥ መስታወቱ ወደ ኋላ አይና ባዶ ወንበር እቆጥራለሁ። ስድስት ከሆነ ሰው ሙሉ ነው፤ በር እዘጋለሁ። ማንንም በጣቴ ሳልጠቁም፣ ማንም ላይ ቁጥር ሳልጠራ። በዘዴዬ ኮራሁ እንጂ አላፈርኩም፤ ሁለት በጋ አንድም ሰው ሳላጎድል ሠራሁበት።

በሦስተኛው በጋ ሮልፍ በመስከረም ቋሚ እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። እስከዚያ በየበጋው የሚቀጠር ምትክ ሾፌር ነበርኩ። ቋሚ ሥራ ከሌለኝ የዘይነባና የልጆቹ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ትንሿ ልጄ ስወጣ በእቅፍ ነበረች፤ አሁን በስልክ ተረት የምትነግረኝ ሆናለች። ያን በጋ ቀን እየገፋሁ መስከረምን ስጠብቅ ነበር።

ነገሩ የደረሰው በነሐሴ፣ አንድ ሐሙስ ነው። ጠዋት ወደ አንድ የኮረብታ መንደር ወጣን። አውቶቡስ እስከ አናቱ አይሄድም፤ ከታች አቁሜ የቀረውን በእግር ይወጡታል። ላይ አሥር የማይሞሉ የእንጨት ቤቶችና አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሉ። ከዚያ ላይ ደሴቶቹ ሁሉ ከእግር ሥር ናቸው፤ መርከብ የክብሪት ቀፎ ያህላል። እዚያ በወጣሁ ቁጥር ቃል ያጥረኛል። ቶሳ ተራራ ላይ ወጥቼ ደሴን ከላይ ሳይ አድጌያለሁ፤ ከተራራ ላይ ሆኖ ባሕር ማየት ግን ሌላ ነው።

ሰዓታችን ሲደርስ ሰማዩ ጠቆር አለ። ሽማግሌዎቹ ዝናቡ ሳይይዛቸው እየተቻኮሉ ገቡ። በመስታወቱ አየሁ፤ ስድስት ባዶ። በር ዘጋሁና ወደ ወደቡ ከተማ ወረድን፤ አርባ ደቂቃ ነዳሁ።

ወደቡ ላይ ፀዳለ የምሳ ጥቅሎቹን ታድል ጀመር። የእንግዳ ማረፊያው ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ በየሰዉ ስም ጽፎ ነው የሚሰጠን። አንድ ጥቅል እጇ ላይ ቀረ። ስሙን አነበበች።

“አስላውግ!” ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ሮጣ ወደ ኋላው ወንበር ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ወይዘሮ አስላውግ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ብቻቸውን ከኋላ የሚቀመጡ። ወንበራቸው ላይ የዝናብ ኮታቸው እንደተቀመጠ ሰው ተዘርግቷል፤ የሣር ባርኔጣቸው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተሰቅሏል። በመስታወት ሰው ብዬ ያለፍኩት ይህን ነው። ፀዳለ የኮቱን ኪስ ዳበሰች።

“ወንድም ይማም፣ የልብ መድኃኒታቸው እዚህ ነው።”

ክው አልኩ። መንገደኞቹን ለፀዳለ ትቼ ባዶውን አውቶቡስ አዞርኩ። የአውቶቡሱ ስልክ አጠገቤ ነበር። ሮልፍ ጋ መደወል ነበረብኝ፤ ፖሊስም ሆነ አምቡላንስ ከእኔ ቀድሞ እንዲደርስ። አልደወልኩም። የማስበው ስለ መስከረም ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ወረቀቱ የፈለገውን ይቅዳ አልኩ።

ከታች አቁሜ ኮቱን ታቅፌ ዳገቱን ሮጥኩ። ዝናቡ ጀምሯል። ቤተ ክርስቲያኗ ተዘግታለች፣ በየቤቱ ሰው የለም። ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ስዞር፣ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብሎ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ከራሳቸው ተጣብቋል። ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነው። ኮቱን ደረብኩላቸው፣ መድኃኒቱን አቀበልኳቸው። ዋጡት።

“ስንት ነበርን?” አሉኝ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ሠላሳ ስምንት።”

“ስንት ቆጠርክ?”

መዋሸት እችል ነበር። ዓይናቸውን ሳይ አቃተኝ። “ሰው አልቆጠርኩም” አልኩ። “የቆጠርኩት ባዶ ወንበር ነው። እኛ አገር ሰው አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።”

ይስቁብኛል ወይም ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ታች፣ ወደ አንድ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ዘረጉ።

“አስተማሪ ነበርኩ” አሉ። “በበጋ ልጆቹን እዚያ አወርዳቸዋለሁ። የእያንዳንዱን ትከሻ እየነካሁ እቆጥራለሁ፣ ስንሄድም ስንመለስም። አንድ ቀን እንደዛሬው ዝናብ መጣ። ተቻኮልን። አልቆጠርኩም። አንድ ልጅ ውሃው ውስጥ ቀረ። ሰባት ዓመቱ ነበር።”

ኮቱን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

“በየዓመቱ እመጣለሁ” አሉ። “ሰው እንዳያየኝ ከዚህ ጀርባ እቀመጣለሁ። ዛሬ ስነሳ ሄዳችኋል። እናትህ የተቆጠረ ይጎድላል ትላለች። የእኔ የጎደለው ሳይቆጠር ነው።”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዝናቡ ከደሴቶቹ ላይ ተነስቶ በባሕሩ ላይ እየተራመደ ሲሄድ ይታያል፤ ከኋላው ብርሃን ይከተለዋል። ሦስት በጋ ሙሉ የተደነቅኩበት ውሃ ነው። ያን ቀን ግን ፈራሁት። ይህን ያህል የሚያምር ነገር አንድ ልጅ ወስዶ ይህን ያህል ጸጥ ማለቱ አስፈራኝ። የበለጠ የገረሙኝ ደግሞ እኒህ ሴት ናቸው። ይህን ተሸክመው ስንት ዓመት ሽቅብ ወጥተዋል?

ክንዴን ይዘው ቀስ ብለን ወረድን።

ወደቡ ስንደርስ ሁሉም ቆመው ይጠብቁ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩና የእያንዳንዱን ትከሻ እየነካሁ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። በልቤ ዱዓ እያደረግኩ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ። ሠላሳ ስምንተኛዋ ወይዘሮ አስላውግ ነበሩ። በሩን ዘጋሁ።

ማታ ከእራት በፊት ፀዳለ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። “እሳቸው ለማንም አልናገርም ብለዋል። እኔም አልናገርም። ኮንትራክትህን አስብ እንጂ! ልጆችህን አስብ።”

“እያሰብኩ ነው” አልኳት። “ለዚያ ብዬ እኮ ነው ስልኩን ያላነሳሁት።”

ሰኞ ጠዋት ሮልፍ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ወንበሩን፣ ኮቱን፣ ፍጥነቱን፣ ስልኩን። ክቡን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንስቶ አየው።

“ሰው መርሳት ይደርሳል” አለ። “ሃያ ዓመት የነዳ ሁሉ አንዴ ረስቷል። ለምን አልደወልክም?”

“ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ።”

“እሳቸው ቢሞቱስ?”

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቋሚነቱ ለአንድ ዓመት ተላለፈ።

ዘይነባና ልጆቼ አንድ ዓመት ዘግይተው መጡ። ያ ዓመት ለእኔ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ ትንሿ ልጄ ፊደል የቆጠረችበት፣ ሁለት ጥርሷ የተነቀለበት ዓመት ነው፣ እኔ ሳላየው ያለፈ። ለዘይነባ ምክንያቱን ስነግራት አለቀሰች። “ሴትዮዋ ደኅና ናቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። ደኅና ናቸው አልኳት። ሮልፍን ያን ጊዜም አልወቀስኩትም፣ ዛሬም አልወቅሰውም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ነዳሁ። ዛሬ በዚህ ከተማ አውቶቡስ የምትነዱ የአገሬ ልጆች ብዙ ናችሁ፤ የጻፍኩትም ለእናንተ ነው። ወንበር አትቁጠሩ፣ ሰዉን ራሱን ቁጠሩ። ከጎደለባችሁ መጀመሪያ ደውሉ፤ ስለ ሥራችሁ ከዚያ በኋላ ታስቡበታላችሁ።